ለገብረወልድ ጭስ የሌለው እሳት

ኮልፌ ውስጥ፣ ከቀራንዮ መንገድ ዝቅ ብሎ የነበረውን የሰርኬን ባኞ ቤት አላውቅም የሚል የዚያ ዘመን ሰው ካለ፣ ገላውን ሳይታጠብ ነው ያደገው ማለት ነው። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። በሰፈሩ ግቢው ድረስ ቧንቧ ያስገባ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ ሙቅ ውሃ ያለው ደግሞ የሰርኬ ቤት ብቻ ነው። በላሜራ የተከፋፈሉ ጠባብ ክፍሎች፣ የሚያንሸራትት የሲሚንቶ ወለል፣ ከጀርባ ደግሞ ከሥሩ እሳት የሚነድበት ትልቅ የብረት ማሞቂያ። ይኸው ነው ሀብቷ። የዓመት በዓል ዋዜማ ሲሆን ሰልፉ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ይደርስና ፎጣ በትከሻው የጣለው ሁሉ እርስ በርሱ ይነታረካል።

ባለቤቲቱን ግን ባኞ ቤቱ አይገልጻትም። ሰርኬ ቀጭን፣ ፈጣን፣ መቀነቷን ከጠዋት እስከ ማታ አጥብቃ የምትውል ሴት ነበረች። ስታነጋግርህ ዓይኗ ከኋላህ ያለውን ያልተጠረገ ወለል ያያል፤ አንዱን ሥራ ሳትጨርስ እጇ ሌላው ላይ ነው። በልጅነቷ ከጉራጌ፣ ከቸሃ አገር ከአጎቷ ጋር መጥታ፣ መርካቶ ሳሙና ቸርችራ፣ ሰው ቤት ልብስ አጥባ ነው እዚህ የደረሰችው። እንደሷ ላለ ሰው ዕረፍት ማለት በሽታ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ሲያሟት «እሷ እኮ ቀብር ላይ እንኳ አፈሩን ራሴ ካልመለስኩ ትላለች» ይሉ ነበር። ሐሜት ነው፤ ውሸት ነው ብዬ ግን አልከራከርላትም።

ባሏ ገብረወልድ ሌላ ፍጥረት ነው። ግዙፍ፣ ዝግተኛ፣ ቃል የሚቆጥብ። ሥራው እሳቱ ነው። እንጨቱን ይፈልጣል፣ ይማግዳል፣ ክርኑን ውሃው ውስጥ ነክሮ ሙቀቱን ይለካል። የትኛው ደንበኛ ምን ያህል ሙቀት እንደሚወድ ሳይነግሩት ያውቃል፤ ለሽማግሌ ለብ ያለ፣ ሲሚንቶ ሲያቦካ ለዋለ የቀን ሠራተኛ የሚለበልብ። ከዚያ እሳት አጠገብ ሲነሳ ያየው የለም።

ጣጣው የመጣውም ከዚያው ነው። ማገዶው ባህር ዛፍ ነው፤ በበጋ ደርቆ ሲመጣ ደህና፣ ክረምት ሲገባ ግን ከገፈርሳ ወዲያ በአህያ ተጭኖ የሚመጣው እንጨት ውሃ የጠገበ ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲጨስ ዓይን ይልጣል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ገብረወልድ በዚያ ጭስ ውስጥ ስንት ክረምት አሳለፈ። መጀመሪያ አሳለው፤ ቀጥሎ ትንፋሹ ያጥረው ጀመር፤ ባለፈው ክረምት ደግሞ አንድ እቅፍ እንጨት አንስቶ ግድግዳ ተደግፎ እስኪያልፍለት ድረስ ይቆም ነበር። ሰርኬ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠና እሷን ለብቻዋ ጠርቶ በማያሻማ አማርኛ ነገራት፦ «ይህ ሰው ሌላ ክረምት ጭስ ውስጥ ከተቀመጠ መስቀልን አያይም።»

ለጉራጌ ሰው መስቀልን አያይም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሙ ይወቀው አይወቀው እንጃ። ሰርኬ ግን ቃሉን እንደ ጩቤ ይዛው ወጣች።

ቤት እንደገቡ ነገረችው። ገብረወልድ ሰምቶ ሰምቶ፣ «ታዲያ ከእሳቱ ተነስቼ ምን ልሁን? በር ላይ ቁጭ ብዬ ሰው ልቁጠር?» አላት።

«ቁጠር! ሳንባህ ይትረፍ እንጂ ከፈለግህ ዝንብ ቁጠር!»

«እሳቱ የኔ ነው፣ ሰርኬ።»

ይቺን ካለ አበቃ። ሰርኬ ሠራተኛ ቀጠረች፤ ገብረወልድ ዱካውን ከሠራተኛው አጠገብ አስጠግቶ «እንዲህ አይደለም፣ ስጠኝ» እያለ እንጨቱን ከእጁ ይነጥቀው ነበርና ሰውየው ተማሮ ሄደ። ሌላ ቀጠረች፤ እሱም ሄደ። ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች። አንድ ቀን ጭሱ መሃል ሲያስል ቆማ እያየችው ልቧ በንዴት ሊፈነዳ ደረሰ፤ ከንዴቱ በታች ግን ፍርሃት ነበር። «እሺ፤ አንተን ከእሳቱ ማንሳት ካቃተኝ ጭሱን ከእሳቱ አነሳዋለሁ» አለችና ባልዲዋን ይዛ ሄደች። እንዴት እንደምታነሳው ግን የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ታናሽ ወንድሟ ፈቀደ እዚያው ኮልፌ በያጅ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ወደ ብየዳ ከመግባቱ በፊት በአንድ የእርሻ ትምህርት ቤት የቀን ሠራተኛ ነበር። ምሳ እየበሉ ሳለ እንደ ዋዛ፣ ፈረንጆቹ እዚያ ከእበት እሳት ሲያወጡ አይቻለሁ ብሎ ጨዋታ ጀመረ። ሰርኬ ጉርሻዋን አፏ ጋ አድርሳ አቆመችው።

«ጭስ አለው?»

«ምን ጭስ! ሰማያዊ ነው እኮ፣ ልክ እንደ ቡታጋዝ። ድስት እንኳ አያጠቁርም።»

«በል ተነስ።»

«እትዬ፣ እኔ አካፋ ይዤ ሳልፍ ነው ያየሁት። አዋቂ አይደለሁም።»

«ያየኸውን ሥራ። ያላየኸውን እየሠራን እናየዋለን።»

ምሳው ሳያልቅ ጉድጓድ መቆፈር ተጀመረ። ነገሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። ጉድጓዱ በድንጋይና በሲሚንቶ ይለበጣል፤ እበት በውሃ ተበጥብጦ በአንድ ወገን ይገባል፣ አየር ሳያገኝ ውስጡ ይብላላል፣ ያለቀለት በሌላ ወገን ይወጣል። ከላይ ፈቀደ ከላሜራ የበየደው ትልቅ በርሜል አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ይቀመጣል። ጋዙ ሲጠራቀም በርሜሉን ሽቅብ ያነሳዋል፤ ከዚያ በቱቦ ወደ ማሞቂያው ሥር። እበቱ ሲብላላ ሞቅ ማለት ስለሚወድ ጉድጓዱን የባኞ ቤቱ ሙቅ እጣቢ በሚፈስበት ቦይ ጎን አደረጉት። ይህን ያሰበችው ሰርኬ ናት፤ ፈቀደ «ፈረንጆቹም ይህን አላሰቡም» ብሎ አደነቃት፣ እሷ ግን ምስጋና የምትሰማበት ጊዜ አልነበራትም።

እበቱን የሰጠቻት ዘይቱና ናት፣ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ፤ ሁለት ላሞች አሏት፣ ወተት ትሸጣለች። በርሜሉ ብዙ ካስጠበቀ በኋላ አንድ ጠዋት ከፍ ብሎ ተገኘ። ፈቀደ ክብሪት ጫረ፤ ሰማያዊ ነበልባል ፏ አለ። ሰርኬ እልል አለች፣ ዘይቱናም ከአጥሩ ወዲያ ተቀበለቻት። እልልታው ሳይበርድ ግን እሳቱ ጠፋ። ማሞቂያው ገና ለብ እንኳ አላለም ነበር።

ሁለት ላም የሚጥሉት ለባኞ ቤት አይበቃም፤ ይኸው ነው። ሰርኬ እበት ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረች፤ ግን እበት ያለው ሁሉ ኩበት ይጠፈጥፋል፣ ማን ይሰጣታል? «እበት ለማኝ» የሚል ስም አተረፈች። የሰፈሩ ሽማግሌ ሃምሳ አለቃ በዛብህ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ በየሳምንቱ የማይቀሩ ደንበኛዋ፣ በር ላይ ጠብቀው «ወይዘሮ ሰርኬ፣ የባኞ ቤት ሴትዮ እበት ስትሸከም አያምርም» አሏት። «ባሌ ሲሞትም አያምርም፣ ሃምሳ አለቃ» ብላቸው አለፈች።

ዓይኗ ኩሬው ላይ ያረፈው ያን ሰሞን ነው። የባኞ ቤቱ እጣቢ ከግቢው ጀርባ ባለ ጎድጓዳ ቦታ ይጠራቀማል። ሙቀቱ፣ የሰው እድፉ፣ ፀሐዩ ሲገናኙ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ በላዩም ወፍራም አረንጓዴ ልጋግ ይጋገራል። ሰርኬ በየጊዜው እየገፈፈች ትጥለዋለች፣ ወዲያው ተመልሶ ይሞላል። ከእበት ይልቅ እንደ ልብ ያላት ነገር ይኼ ነው። «ላም የምትበላው አረንጓዴ ነገር አይደለም እንዴ? ይኼም አረንጓዴ ነው» አለችና በባልዲ እየገፈፈች ጉድጓዱ ውስጥ ትገለብጠው ገባች። ፈቀደ ቀስ በይ ቢላት የምትሰማ አልሆነችም። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ክረምቱ ከኋላዋ የሚሮጥባት ይመስላት ነበር።

ነበልባሉ መጨመር ቀርቶ ቀነሰ። ከመውጫው በኩል የሚወጣውን ስታይ ደግሞ ያው ልጋግ ነው፣ ለምለም፣ ምንም ያልነካው። ሰርኬ በእንጨት እያማሰለች፣ «ሲገባም አረንጓዴ፣ ሲወጣም አረንጓዴ! ሽርሽር ነው እንዴ የመጣው?» ብላ ጮኸች።

ዛሬ ነገሩን የተማሩ ሰዎች ሲያስረዱ፣ ያ አረንጓዴ ነገር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ክምችት ነው፤ እያንዳንዳቸው ጠንካራ ቅርፊት አላቸው፤ ቅርፊቱ አስቀድሞ ካልላላ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ማብላያ አያገኛቸውም ይላሉ። ሰርኬ ይህን የነገራት የለም። እሷ ያሰበችው እንሰትን ነው። በልጅነቷ እናቷና አክስቶቿ እንሰቱን ገንድሰው ዝም ብለው አይቀብሩትም። ይፍቁታል፣ ይቀጠቅጡታል፣ ከዚያ ነው ጉድጓድ የሚገባው። ሙሉውን ቢቀብሩት ኖሮ ለመስቀል የሚበላ ቆጮ አይኖርም። እንግዲህ ይህም ልጋግ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት መሰበር አለበት።

ሙቀጫና ዘነዘና አወጣች። ልጋጉ ከዘነዘናው ሥር እያመለጠ ፊቷን፣ ግድግዳውን፣ የደንበኞቿን ፎጣ አዳረሰው። ክንዷ እስኪዝል ወቀጠችው፤ የወጣላት ግን አንድ ጣሳ የማይሞላ ነገር ነው። ዘይቱና በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ሳቋን መቋቋም አቃታት።

«ሰርኬ፣ ሰው ገላውን በዘነዘና ነው እንዴ የምታሳጥቢው?»

ዘይቱና ለቀልድ ነው። ሰርኬ ግን ዘነዘናዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። ባኞ ቤት ያላት ሴት ሆና እንዴት ይህን አጣችው? የከረመ እድፍ እንኳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ነው የሚላላው፤ ያኔ በጣት ይለቃል። ልጋጉን በሌላ በርሜል ሞልታ ከማሞቂያው ጎን አስጠጋችው። እንዲፈላ አይደለም፤ እጅ የማያስገባ፣ ግን የማይንተከተክ ሙቀት። እንዲህ ያለውን ሙቀት የሚያውቀው ደግሞ ገብረወልድ ነው። ነገሩን ሁሉ እንደ እብደት ቢያየውም በርሜሉን ሲያይ አላስቻለውም፤ «በዛ፣ ትንሽ አርቂው» ይላታል። ውሎ አድሮ ልጋጉ ወደ ቡናማነት አደላ፣ የከረመ ጎመን ጠረን አመጣ፤ ቀድሞ በጣቷ መካከል ሙልጭ እያለ ያመልጣት የነበረው አሁን ስታሸው ተፍረከረከ። ሰርኬ መንገዱን አግኝታ ነበር።

ታዲያ አግኝታ ሳለች ነው ያበላሸችው። እኔ ስለሷ ስናገር እዚህ ላይ ሁሌ ይከፋኛል።

ጉድጓዱ ያን ሁሉ ጥሬ ልጋግ ተሸክሞ ጎምዝዞ ነበር። ሰርኬ ደግሞ አዲስ ነገር በቆሻሻ ዕቃ ላይ የምትጀምር ሴት አይደለችም። ጉድጓዱን ጨልፋ ባዶ አደረገችው፤ ዝቃጩን ዘይቱና ለጎመኔ ይሆነኛል ብላ አጥሯ ሥር አስቆፍራ አስገለበጠችው። ከዚያ ሰርኬ ውስጡ ገብታ ግድግዳውን በግራዋ ቅጠል ፈተገችው። አጥባ ስትጨርስ ወይራ አጨሰችበት፤ ልክ ጠላ ሊጠመቅበት እንደሚታጠን ጋን፣ በርሜሉን ደፍታ፣ ጭሱ ግድግዳው ውስጥ እስኪገባ ድረስ አፍና አቆየችው። ሲከፈት ጉድጓዱ መዓዛው ልብ ይሰርቅ ነበር። ደህና ሴት አይታው የምትመሰክርለት ንጽሕና ነው። በዚያ ላይ ትኩስ እበትና የበሰለውን ልጋግ ሞላችበት፣ ከደነች፣ ጠበቀች።

በርሜሉ አልነሳ አለ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጣሪያውን ይቀጠቅጣል፣ አህዮቹ እርጥብ እንጨት ያራግፋሉ፣ ሰርኬ ከማሞቂያው ወደ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ ወደ ማሞቂያው ትመላለሳለች። በርሜሉን በእጇ ታንኳኳዋለች፤ ጆሮዋን ትለጥፍበታለች። ምንም የለም። ፈቀደ ቱቦውን ፈታ፣ ገጠመ፣ ብየዳውን በሳሙና አረፋ ፈተሸ፤ የሚያፈስ ነገር አልተገኘም። «እንግዲህ ያበሰልነው ነው ያበላሸው» አለ። ሰርኬም አመነችው። ምግብ አስጠላት፣ ደንበኛ ላይ ትጮሃለች፣ ሳሙና ስታነሳ ሳሙናው ከእጇ ይወድቃል።

ገብረወልድ የወደቀው በአንድ የዝናብ ጠዋት ነው። እንጨት እንዳቀፈ እሳቱ ፊት ተንበረከከ፤ ሊተነፍስ ይታገላል፣ አየሩ አይገባለትም፣ ከንፈሩ አመድ መሰለ። ሰርኬና ፈቀደ ተሸክመው አልጋው ላይ አደረጉት። ትንፋሹ ሲመለስለት መጀመሪያ የጠየቀው «እሳቱን ማን ያዘው?» ነበር። ሰርኬ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቱን ራሷ ያዘች፤ ወደ ማሞቂያው የሚያስወጣውን በር ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፊቷ ጥላሸት እንደለበሰ ሾርባ ይዛለት ገባች። ሾርባውን ግን አላጠጣችውም፤ እያዟዟረች ትናገራለች። ለእሱ አልነበረም የምትናገረው፣ ለራሷ ነው።

«ምን ጎደለው? ጨለፍኩት፣ በግራዋ ፈተግኩት፣ በወይራ አጠንኩት፣ ትኩስ እበት ጨመርኩ፣ የበሰለ ጨመርኩ…»

«በወይራ አጠንሽው?» አለ ገብረወልድ።

«አዎ። ልክ እንደ ጋን።»

ትንፋሹን ሰበሰበ። «የወተት ዕቃ በወይራ የሚታጠነው ለምንድን ነው?»

«እንዳይበላሽ ነዋ!»

«አንቺ እንዲበላሽ አልነበር እንዴ የምትፈልጊው?»

ሰርኬ ሾርባውን ማዟዟር አቆመች። ቀስ በቀስ ሁሉም ነገር ገባት። ጉድጓዱ የሚሠራው ውስጡ በሚርመሰመሰው ነው፤ እሷ ያን በግራዋ ጠርጋ፣ በወይራ አፍና ፈጅታዋለች። እርሾውንም አብራ ደፍታዋለች! ሊጥ እርሾ እንደሚፈልግ የማያውቅ ሕፃን የለም፤ እሷ ግን ንጽሕና አሳወራት። ሾርባውን ደረቱ ላይ ልትደፋው ምንም አልቀራትም፤ ወንበሩ ላይ አስቀምጣው ሮጠች።

ዘይቱና በዝናብ ውስጥ ሰርኬን ዶማ ይዛ ጎመኗ መሃል ስታገኛት አማተበች ማለት አይቻልም፣ እስላም ናትና፤ ግን ያው ነው ያደረገችው።

«ያ ረቢ! ምን ሆነሽ ነው?»

«እርሾዬን! ያን ዝቃጭ መልሺልኝ!»

«የሰጠሽኝን ልትቀሚኝ? ገና ጎመኔ ሊወፍር!»

«ጎመን እገዛልሻለሁ፣ ዘይቱና፣ ባል ግን ከየት እገዛለሁ?»

ዘይቱና ሳቋን አቋርጣ እሷም አካፋ አመጣች። አጥሩ ሥር፣ ከአፈሩ በታች፣ ዝቃጩ ገና እርጥብና ጥቁር ነበር፤ ይሸታል። ሰርኬ ስታሸተው ሽቶ የሸተታት ይመስል ፊቷ በራ። ጉድጓዱን ዳግመኛ አራቁተው የወይራው ጠረን እስኪጠፋ ድረስ በሙቅ ውሃ ደጋግመው አጠቡት፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንም ግራዋ አልነካም። እርሾው ተመለሰ። ላዩ ላይ የበሰለው ልጋግ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ይጨመር ጀመር። ይህ «ትንሽ ትንሽ» የሚባለው ነገር ለሰርኬ ከሞት አይሻልም፤ ባልዲውን እያነሳች ታስቀምጣለች፣ ፈቀደ እጇን ይይዛታል፣ እሷ ትመነጭቀዋለች። ዝናቡ ኩሬውን እንዳያቀጥነው ጎርፉን የሚያሳልፍ ቦይ ቆፈረች። እዚያ ቦይ ላይ ስታጎነብስ ያያት ሰው የሚያሳድዳት ያለ ይመስለው ነበር፤ ነበረም እኮ።

በርሜሉ መጀመሪያ ዘመም አለ፤ ከዚያ ከፍ አለ፤ ከዚያ ፈቀደ የቱቦው አንገት ይቀነጠሳል ብሎ እስኪፈራ ድረስ ተነሳ። ክብሪቱን የጫረችው ሰርኬ ናት። ሰማያዊው ነበልባል ከማሞቂያው ሥር ተዘረጋ፣ ቆመም። ውሃው ለብ አለ፣ ሞቀ፣ እንፋሎት አወጣ፤ እሳቱ አሁንም አለ።

ሰርኬ የቆለፈችውን በር ስትከፍትለት ገብረወልድ በጋቢው ተጠቅልሎ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ መጣ። እሳቱን ብዙ አየው። እጁን አስጠጋ። «ይኼ እሳት ነው?» አለ።

«ክርንህን ንከርና ፍረድ።»

ነከረ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ደስታ ይሁን ቅሬታ መለየት ያስቸግር ነበር። ከዚያ ቱቦው ላይ ያለውን መክፈቻ ነካ ነካ አደረገና፣ «ይህን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ማን ሊሆን ነው? አንተ ነህ እንጂ!» አለችው።

ሁሉም ነገር አማረ ብዬ አልዋሽም። ጋዙ ለአዘቦት ቀን እንጂ ለቅዳሜ አይበቃም፤ ቅዳሜ ማገዶው ይመለሳል፤ ሰርኬ ገብረወልድን ገና በጠዋቱ ዘነበወርቅ ወዳለ ዘመዱ ቤት እየገፋች ሰድዳ ጭሱን ራሷ ትውጠዋለች። ሃምሳ አለቃ በዛብህም «በልጋግ እሳት የሞቀ ውሃ ገላዬን አይነካም» ብለው ምለው ነበር። መሐላቸው ቅዝቃዜው እስኪጸናባቸው ቆየ፤ ተመልሰው ሲመጡ «ውሃው ንጹሕ ነው፤ እሳቱን ግን እኔ አላየሁም» ብለው ፊታቸውን አዙረው ገቡ።

መስቀል መጣ። ገብረወልድ ነጭ ለብሶ፣ በየመሃሉ እያረፈ ደመራው ድረስ በእግሩ ሄደ። ሰርኬ ዘንድሮ ክትፎውን የሠራችው የሐኪሙን ቃል እየረገመች ነው፣ ሐኪሙ ክፉ ሰው ባይሆንም። ያን ቀን እንኳ ዓይኗ ከባሏ ደረት አልተነቀለም፤ ሲስቅ ትደነግጣለች፣ ውሃ ሲጠጣ ትደነግጣለች።

ጥቅምት ላይ፣ በአንድ ፀሐያማ ከሰዓት፣ ሰርኬ የበሰለ ልጋግ በባልዲ ይዛ ወደ ጉድጓዱ ስትሄድ ድንገት ቆመች። አንድ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ መጀመሪያ አላወቀችውም። የውሃው ድምፅ አለ፣ የደንበኞቹ ጫጫታ አለ፣ ዘይቱና ከላሞቿ ጋር ትነታረካለች። የጠፋው የገብረወልድ ሳል ነው። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ሳታስበው፣ ጀርባዋን ሰጥታም ሆነ ሥራ ላይ ሆና፣ ባሏ በሕይወት መኖሩን የምታውቀው በዚያ ሳል ነበር። አሁን ከማሞቂያው በኩል ምንም አይሰማም።

ባልዲው ከእጇ ወደቀ። ሮጠች። ገብረወልድ ዱካው ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ ጥሎ፣ ዓይኑን ከድኗል፤ እጁ መክፈቻው ላይ እንዳለ ነው። ሸሚዙን በሁለት እጇ ጨምድዳ ነቀነቀችው።

«ገብሬ! ገብሬ! ገብሬ!»

ዓይኑን ገለጠ። «ምንድን ነው? ቤት ተቃጠለ?»

«አታስልም!»

«እ?»

«አልሳልክም! ሳልህ ጠፋብኝ!»

ገብረወልድ ግራ ተጋብቶ አያት። «ታዲያ ላስልልሽ?»

ሰርኬ ትከሻውን በጡጫ መታችው፣ ደግማ መታችው፣ ከዚያ ግንባሯን ደረቱ ላይ ጥላ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ጆሮዋ ሥር ትንፋሹ ይገባል፣ ይወጣል፤ እንደ ማንም ሰው ትንፋሽ።

ከክፍሎቹ በአንዱ ውስጥ ላሜራው ይደበደብ ጀመር። «ኧረ ባለቤቶች! ሳሙና ዓይኔ ገብቷል! ውሃው እየበረደ ነው!»

ገብረወልድ ወደ መክፈቻው ሊዘረጋ ሲል ሰርኬ እጁን ያዘችው፤ ሸሚዙንም አለቀቀችም።

«ይብረድ!» ብላ ጮኸች።